በቀይ የሚመጣው የወንድሜ ስም

ይህ የሆነው አምና፣ የታላቅ ወንድሜ የለሚ አርባ ሲቃረብ ነው። እስከ ዛሬ የሱቁን ሰርቨር ባበራሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ለሚ መቱ ውስጥ የሠርግ ፎቶ ያነሳ ነበር። ያነሳው ሁሉ የሚቀመጠው በሱቁ ጓዳ ባለው ሰርቨር በሚባለው ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። ያዮ ሠርግ ውሎ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ። ስልኩም ቦርሳውም አልተገኙም።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ዘመድ ዕቃውን ይሸሽጋል፤ እናት እያየች እንዳትቃጠል። የአክስቴ ልጅ ጉታ የለሚን ጫማና ልብስ ደበቀ። እናቴ ሱቁም ትመጣለች ብሎ ሰርቨሩን ከፈተና ስሙ ያለበትን ፎልደር ሁሉ አጠፋ። ምንነታቸውን የማያውቃቸውንም የእሱ መስለውት አብሮ አጠፋ። ማሽኑ አልነሳም አለ።

"ለአክስቴ ብዬ ነው" አለኝ እያለቀሰ። ልቆጣው አልቻልኩም።

ለአርባው የሚሆን የለሚ ፎቶ ግን ያለው እዚያ ብቻ ነው። ካሜራውን ከፊቱ አያወርድም ነበር። ሌላ ያለን የመታወቂያው ፎቶ ነው፤ እሱም ሲተልቅ ይደበዝዛል።

በዚያው ሰሞን ሐያት የምትባል ልጅ የሠርግ ፎቶዋን ልትወስድ ከኡካ መጣች። መሞቱን አልሰማችም ነበር። ስነግራት ፎቶ መጠየቁ አሳፈራትና ልትወጣ ስትል፣ የማሽኑን ነገር አጫወትኳት። ለካ ሥራዋ ሰርቨር ላይ ነው። ሻርፗን አጥብቃ ተቀመጠች።

"ፎቶዎቹ ያሉት ሌላ ዲስክ ላይ ነው፤ አልተነኩም" አለች። "የጠፉት ማሽኑን የሚያስነሱት የሲስተሙ ፎልደሮችና ሊንኮቹ ናቸው።"

"ሊንክ ምንድነው?"

"ዕቃው የት እንዳለ የሚጠቁም ስም። ዕቃው ራሱ አይደለም።"

ለሚ የሲስተሙን ቅጂ ለብቻው አስቀምጦ ነበር። ከዚያ ላይ ፎልደሮቹን ከነሊንኮቻቸው መለሰች። ማሽኑ ተነሳ። ሙሽሮቹ ተራ በተራ ስክሪኑ ላይ መጡ፤ እሷም ሙሽራ ሆና መጣች። ለሚ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን።

ስሞቹ ተደርድረው ሲወጡ "ለሚ" የሚለው ብቻ ቀይ ነበር።

ሐያት ሳቋን አቆመች። "ቀይ ማለት ስሙ አለ፣ ዕቃው የለም ማለት ነው። ይሄ የሚጠቁመው ተነቅሎ የሚያዝ ዲስክ ነው። የት ነው ያለው?"

ያልተገኘው ቦርሳው ውስጥ ነበር።

"በቃ አጥፊው" አላት አጠገቤ የቆመው ጉታ ቀስ ብሎ፤ "አክስቴ ሳታየው።"

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላየንም።

"ዺሲ! ተው አንተ ልጅ! ጫማውን ደበቅከኝ፤ አሁን ደግሞ ስሙን?"

ማንም አልነካውም። አርባው በደበዘዘው ፎቶ ወጣ።

ሱቁን አሁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሐያትን አመሰግናታለሁ፤ የብዙ ሰው ሠርግ ተርፏል። የለሚ ፎቶ ግን አልተረፈም።

አንዳንድ ቀን እናቴ ከኋላዬ መጥታ ትቆማለች።

"እስቲ ክፈተው" ትለኛለች።

ቀዩን ስም እከፍተዋለሁ። አልተገኘም ይላል።

"እሺ" ብላ ትወጣለች።