ስሟን እየጠራሁ የጸለይኩላት አክስት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ለሚሰማው ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፤ የሞተ የለም፣ የተሰረቀ የለም። እኔ ግን እስከ ዛሬ መጽሐፍ ቅዱሴን በገለጥኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ከደብረ ማርቆስ የመጣሁት ለሥራ ነው። ፒያሳ ልብስ እሰፋለሁ፣ አፍንጮ በር ተከራይቼ እኖራለሁ። ከሰው ቶሎ አልግባባም፤ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን ነኝ። ጽጌ ግን በር ለበር ጎረቤቴ ነበረች። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ አራዳ ነው፤ ስትቀልድ አይጣል ነው። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት እኔ ክፍል ቁጭ ብለን አንድ ምዕራፍ እናነባለን፣ ያልገባንን እንነጋገራለን። ዘመድ ለሌለኝ ለእኔ እህት ያገኘሁ ያህል ነበር።

ሥላሴ አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ የማታ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮርስ ሊጀመር መሆኑን ስሰማ ልመዘገብ ፈለግሁ። አብረን እንማር አልኳት።

«ምን ነካሽ አንቺ ጎጃሜ!» ብላ ሳቀች። «መጽሐፍ ቅዱስ መኪና ነው እንዴ፣ መንጃ ፈቃድ የሚወጣለት? እኔና አንቺ በእንባ የምናነበውን እነሱ በፈተና ያደርቁብሻል።»

አመንኳት። ተውኩት።

ብዙም ሳይቆይ ማታ ማታ መጥፋት ጀመረች። ስድስት ኪሎ ያለች አክስቷ ታማ እንደምታስታምም ነገረችኝ። አዘንኩ። በጸሎት እንዳስባት የአክስቷን የክርስትና ስም ጠየቅኳት። ነጠላዋን እያስተካከለች «ወለተ ሰንበት» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ወለተ ሰንበትን ማርልኝ» ሳልል ከቤት ወጥቼ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን የሐናን ታሪክ አነበብን። የእኔ ትዳር የፈረሰው ልጅ ባለመውለዴ ነው፤ ይህን እዚህ አገር ከጽጌ በቀር የሚያውቅ የለም። ያን ዕለት ሆድ ብሶኝ፣ «ሐና ሳሙኤልን ባታገኝ ኖሮ ስሟ ይጻፍ ነበር?» አልኳት። አቅፋኝ አብራኝ አለቀሰች።

ወራት አለፉ። አብረውኝ የሚሰፉት እትዬ አልማዝ ልጃቸው ከዚያ ኮርስ ልትመረቅ ስለሆነ ጠሩኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ተመራቂዎቹ የሚጠሩት በክርስትና ስማቸው ነበር። የእሳቸው ልጅ ስትጠራ እልል አልን። ቀጥሎ መድረክ መሪው «ወለተ ሰንበት» አለ።

ጽጌ ብድግ አለች።

ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከትምህርቱ ያገኘችውን እንድትናገር ተጋበዘችና ማይኩን ያዘች። «ያለ መምህር ማንበብ ሰውን የት እንደሚጥል አይቻለሁ» አለች። «አንዲት እህት አለች፤ ልጅ አጥታ ባሏ የፈታት። ለብቻዋ ስታነብ ስታነብ፣ ሐና ልጅ ባታገኝ ስሟ ይጻፍ ነበር ወይ ብላ ፈጣሪን እስከ መሞገት ደረሰች።»

ከኋላዬ «እግዚኦ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትዬ አልማዝ ከንፈራቸውን መጠጡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ምስኪን! ምነው አንድ ሰው መክሮ እዚህ ባስገባት» አሉኝ።

«እውነትዎን ነው» አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

ስወጣ በሩ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ጽጌ ደነገጠች። እጄን ይዛ፣ «ሰው ይማርበት ብዬ እኮ ነው። ደግሞ ስምሽን አልጠራሁም!» አለችኝ።

«አክስትሽን ተሻላት?» አልኳት።

አቀረቀረች። እጄን አስለቅቄ ሄድኩ።

ለቀጣዩ ዙር ተመዘገብኩ፤ አሁን እየተማርኩ ነው። ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ እሷ እንዳለችው ልብ አያደርቅም። መምህሩ «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ ግን እጄ አይነሳም። ጠዋትም ማንበቤን አልተውኩም፤ በሬን ከውስጥ ቆልፌ ነው የማነበው። አንብቤ ለጸሎት ስቆም አንደበቴ ለምዶ «ወለተ ሰንበትን» ይላል። «ማርልኝ» የሚለው ላይ ስደርስ አቆማለሁ። አንዳንድ ቀን እንደምንም እጨርሰዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት አልጨረስኩትም።