ውብአየሁ በእጁ የገጣጠመው ሞተር

ውብአየሁ ከእንጅባራ ጥሊሊ ሚኒባስ ይነዳል። ሞተሩ ሲደክምበት ሚስቱ ማናለብሽ «ተገጣጥሞ ያለቀውን ግዛና እንረፍ» አለችው። እሱ ግን ዳገት የሚያስንቅ ጉልበት አማረው። ሲሊንደሩን አስሰፍቶ፣ ወፈር ያለ ፒስተን ፈልጎ፣ እያንዳንዷን ብሎን በገዛ እጁ አጠበቀ። «ቢበላሽስ ምን እንበላለን?» ስትለው መፍቻውን አንስቶ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ።

እንዲህ አዲስ ፒስተን የገባለት ሞተር መጀመሪያ ቀስ ተብሎ ካልተነዳ ይነክሳል፤ ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል፤ ከነከሰ አለቀለት። በመጀመሪያው ቀን ማናለብሽን ጋቢና አስቀምጦ ዳገቱን ሲወጣ፣ ተገጣጥሞ ያለቀ ሞተር ገዝቶ ያስገባው ሌላው የመስመሩ ሹፌር አድማሴ ጡሩምባውን እየነፋ ጎኑ ደረሰ።

«ጋሼ ውብአየሁ! በጥር ጊዮርጊስ ግልቢያ ፈረስዎን የሚቀድም አልነበረም፤ ዛሬ ምን ነካዎት?»

ከኋላ አንዱ ተሳፋሪ «ሹፌር፣ አስከሬን ነው እንዴ የጫንከው?» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። ውብአየሁ ደሙ ፈላ። ነዳጁን ረገጠው፤ ሞተሩ መጮህ ጀመረ።

ይሄኔ ማናለብሽ በመስኮት አንገቷን አወጣች።

«ሂድ አንተ፣ ይቅናህ! የኛ ገና እየተገራ ነው! ባሌ ነው የሠራው!»

ውብአየሁ ዞር ብሎ አያት። ከዚያ እግሩን ከነዳጁ ላላ አደረገ። አድማሴ ኩርባውን ዞሮ ጠፋ፤ እነሱም ተሳፋሪው እያጉረመረመባቸው ቀስ ብለው እንጅባራ ገቡ።