ለንጉሥ ብድግ የሚሉት ጋሼ

ጋሼ የምንላቸው አጎቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ተራ ሲጠብቁ የለመዱትን የካርታ ጨዋታ አዳማ ድረስ አምጥተው ቤተሰቡን ሁሉ አስተማሩ። ለእያንዳንዱ ሰው ሰባት ካርታ ይደርሰዋል፤ ሦስቱ ተደፍተው፣ አራቱ ተገልጠው። ከሰባቱ አምስቱን መርጦ ከሁሉ ያነሰ ቁጥር የያዘ ያሸንፋል። ጥንድ አይጠቅምም፤ ንጉሥ የተሳለበት ካርታማ ጭራሽ ጉድ ነው። የተሸነፈ ሰው ከባቱ የመጣውን ዓሣ ቅርፊት ይፍቃል።

ታዲያ ጋሼ ፊት ንጉሥ ሲገለጥ፣ ትልቅ ሰው እንደገባ ሁሉ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ኖር!» ይሉ ነበር።

«ኧረ ተቀመጥ! ለካርታም ይነሣል እንዴ?» ይላሉ ባለቤታቸው።

«ሳይጠራ የመጣም እንግዳ ነው!» ይሉና እየሳቁ ዓሣውን ሊፍቁ ይሄዳሉ።

ጋሼ ካረፉ በኋላ፣ ባለፈው እሑድ ካርታ የማድል እኔ ነበርኩ። እጄ ለምዶ ለባዶው ወንበራቸውም አደልኩ። ንጉሥ ተገለጠ።

ባለቤታቸው ብድግ አሉና «ኖር!» አሉ።

እየሳቅን ሁላችንም ተነሣን፤ ለመቀመጥ ግን ማንም አልቸኮለም።