ሁለት ቁልፍ ያለው ምንጣፍ

በደብረ ማርቆስ ዳርቻ ባለች ደብር የሰበካ ጉባኤው ንብረት ጠባቂ ሆኜ ስመረጥ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በመሥሪያ ቤቴም ሥራዬ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ አንዲት ማንኪያ ጠፍታብኝ አታውቅም። እርግጥ በማንኪያዎቹ የበላም ሰው አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያኑን አያያዝ ሳይ ግን አላስችል አለኝ። የስለት ጥላው ዝናብ ላይ ይወጣል፣ ምንጣፉ በጭቃ እግር ይረገጣል፣ ጧፉ ሳይቀር እየነደደ ያልቃል! ኧረ የባለቤት ያለህ! ጥሩ ጥሩውን ሁሉ ሰብስቤ ዕቃ ቤት ከተትኩና በሩን በሁለት ቁልፍ አስቆለፍኩ። አንዱ ከእኔ፣ ሌላው ከደብሩ አስተዳዳሪ፣ ከቄሱ ዘንድ ይቀመጣል። አንዳችን ከሌለ መልአክ ቢመጣም አይገባም አልኩ። የተቀመጠው ለክብረ በዓል ይወጣል ተባለ። በክብረ በዓል ደግሞ ሕዝብ ስለሚበዛ ይቆሽሻል ብዬ አላወጣሁም።

በዚያው ሰሞን አንዲት የሰፈራችን አሮጊት ወፍራም የሱፍ ምንጣፍ በጀርባቸው ተሸክመው መጡ። ልጃቸው ጦር ግንባር ሳለ፣ በሕይወት ከተመለሰልኝ ብለው የተሳሉት ነው። ሱፉን ሦስት ክረምት ራሳቸው ፈትለው ለሸማኔ የሰጡት። በንብረት መረከቢያው ቅጽ፣ በሞዴል ዐሥራ ዘጠኝ ተረከብኳቸውና ደረሰኝ ቆርጬ ሰጠሁ።

“ይኼን ወረቀት ምን አደርገዋለሁ ልጄ?” አሉኝ። “ዓይኔ እየደከመ ነው። ሳይጠፋ ሰው ተንበርክኮበት ልየው፤ ስለቴ ያኔ ነው የሚደርሰው።”

“ለፋሲካ እናነጥፈዋለን እማማ፣ አይዞዎት።”

ለፋሲካ አላነጠፍኩትም። ለመስቀልም፣ ለጥምቀትም። በየበዓሉ ይመጡና ባዶው ድንጋይ ላይ ተንበርክከው ሲወጡ፣ “ልጄ፣ ዛሬም አልሆነም?” ይሉኛል።

“ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው! እንዲህ ያለ ዕቃ ይረገጥ?”

“እንዲረገጥ እኮ ነው የሠራሁት።”

ይኼ መልስ አናደደኝ። ሰው እንዴት ለገዛ ልፋቱ አይሳሳም!

በመጨረሻ ዓይናቸው ጠፋ። ሁለት ዓመት ከቤት አልወጡም። እውነቱን ልናገርና፣ ከጥያቄያቸው በማረፌ ቀለል አለኝ።

ከዚያ ገብር ኄር ደረሰ። የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ነው፤ ጌታው የሰጠውን መክሊት መሬት ስለቀበረው አገልጋይ የሚነበብበት። ቄሱ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው ሲሰብኩ እኔ ከፊት ሆኜ ራሴን እነቀንቃለሁ። “አይ ይኼ ሰው! ምን ያለው ሰነፍ ነው!” እላለሁ። እጄ ኪሴ ውስጥ ቁልፉን ይዳብሳል።

ስብከቱ እንዳለቀ ያ ከግንባር የተመለሰው ልጅ እናቱን እየመራ መጣ።

“ምንጣፌ ላይ አድርሱኝ፤ ዛሬስ ተንበርክኬበት ልመለስ” አሉ። ተነጥፏል ብለው ነው የመጡት! ክው አልኩ።

“እዚህች ጥላ ሥር ትንሽ አረፍ ይበሉ እማማ” ብዬ ወደ ቄሱ ሮጥኩ። ቄሱ ቁልፋቸውን አንገታቸው ላይ ካለው ክር ፈተው ሰጡኝ። ፊቴን ግን አላዩም።

ዕቃ ቤቱን ከፍቼ ምንጣፉን ብዘረጋው ብናኝ ፊቴን ሞላው። ብል በልቶ ወንፊት አድርጎታል። ያኔ አለቀስኩ ብል ውሸት ነው፤ ጊዜም አልነበረኝም። ተሸክሜ በጎን በር አስገባሁና በሴቶች በኩል መጋረጃው ፊት አነጠፍኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አሮጊቷ አለማየታቸውን አመሰገንኩ።

ልጃቸው ደግፎ አንበረከካቸው። ምንጣፉን ሳሙ። ከዚያ ጣታቸው አንድ ቀዳዳ አገኘ፤ ቀጥሎ ሌላ። አንድ በአንድ ዳሰሱ። ልጃቸው ቀና ብሎ አየኝ፤ እሱ ዓይን አለው። ምን ይዋጠኝ!

ፊታቸው በራ። “ተመስገን! ስንት ሰው ቢንበረከክበት ነው እንዲህ ያለቀው?”

መልስ እየጠበቁ እንደሆነ ገባኝ።

“ብዙ ነው፣ እማማ” አልኩ።

“እንግዲያ ሌላ እፈትላለሁ” አሉ እጄን ፈልገው እየያዙ። “እጄ እንደሆነ ዓይን አይፈልግም። አንተው ትረከበኛለህ።”