ፖስተር የሌለው ሳጥን

ቤተሰቡ «ጣቢያው» ይለዋል። በሙያው ሊፍት ጠጋኝ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ግን ሳሎኑ ጥግ፣ ከጫማ መደርደሪያው ሥር ያስቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ሊፍት ከሚጠግንበት መሥሪያ ቤት የተጣለ ዕቃ ነበር። ሁለት ትልልቅ ዲስኮች ከተተበት፣ ፊልም ሞላበት፣ ከዋይፋዩ ጋር አገናኘው። ከዚያ ወዲህ በሳሎኑም ሆነ በመኝታ ቤቱ ቴሌቪዥን፣ በልጆቹም ስልክ የሚታየው ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ሳጥን ነው።

ሚስቱ የመጀመሪያውን ወር ወዳው ነበር። በሁለተኛው ወር ነገሩ ገባት። ባሏ ፊልም አያይም፤ ፊልም ይደረድራል። ቤተሰቡ ሶፋው ላይ ተኮልኩሎ ሲስቅ፣ እሱ ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሮ የትርጉም ጽሑፍ ያስተካክላል፣ የደበዘዘውን ፖስተር በጠራ ይተካል።

«ና ተቀመጥ እንጂ» ትለዋለች።

«አንዴ ይቺን ልጨርስ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሲኒማ ቤቱን ራስህ ሠርተህ በር ላይ ትኬት ቆራጭ ሆነህ ቀረህ እኮ!»

ልጆቹ ይስቃሉ። እሱም ይስቃል። አይቀመጥም።

አባቱ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ሲታመሙ ያስታመመቻቸው ታላቅ እህቱ ናት። አንድ ቀን ትራስ አስደግፋ አስቀመጠቻቸውና ልትቀርጻቸው ስልኳን ፊታቸው አቁማ፣ «አባባ፣ እስቲ የሕይወትዎን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምረው ያውሩኝ» አለቻቸው። አርባ አንድ ደቂቃ አወሩ። በሦስተኛው ሳምንት አረፉ።

ስልኳ ሞልቶ አላሠራ ሲላት ቪዲዮውን ለወንድሟ አመጣችለት። ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጠው።

«እዚህ ከገባ አለቀ፣ እትዬ። ዲስኩ ሁለት ነው። አንዱ የያዘውን ሌላው ይይዛል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። ከስልክሽ አጥፊው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የሰው ነፍስ በገመድ አንጠልጥሎ የሚውል ሰው እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?»

ሳቀችና አጠፋችው።

ፊልሞቹን ዘርዝሮ የሚያሳየው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ፊልም ፖስተሩን ከኢንተርኔት ፈልጎ ያመጣል። ለአባትየው ከየት ያምጣ? ቪዲዮው ስልኳ የሰጠውን የቁጥር ስም እንደያዘ፣ በባለቀለም ፖስተሮች መሀል ግራጫ ሳጥን ሆኖ ተቀመጠ። ጣቢያው ባየው ቁጥር «አንድ ቀን ረጋ ብዬ አየዋለሁ፤ ስምም እሰጠዋለሁ» ይል ነበር። መጀመሪያ ያላየው ሐዘኑ ከብዶት ነው። ኋላ ላይ ልማድ ሆነ።

ዲስኩ ሞላ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቦታ ሊያስለቅቅ ተቀመጠና የቁጥር ስም ያላቸውን ፋይሎች ሁሉ ባንድ ላይ መረጠ። ብዙዎቹ መሀል ላይ የተቆረጡ ወይም ሁለቴ የወረዱ ነበሩ። አንዱንም ከፍቶ ሳያይ ደመሰሳቸው። በዚያው ሳምንት ባዶውን ቦታ በተከታታይ ፊልም ሞላው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ።

ከወራት በኋላ፣ እሁድ ከሰዓት፣ እህቱ መጣች።

«ድምፃቸው ናፈቀኝ። እስቲ ክፈትልኝ» አለችና ሶፋው መሀል ተደላድላ ተቀመጠች። ግራጫው ሳጥን አሁንም ከዝርዝሩ ላይ አለ። ተጫነው።

ቴሌቪዥኑ «ፋይሉ አልተገኘም» አለ።

ደገመው። ላፕቶፑን ከፈተ። ያ ቅዳሜ ትዝ አለው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምነው?»

«ሳላይ አጥፍቼዋለሁ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ከሌላኛው አውጣዋ! ሁለት ቦታ ነው አላልክም?»

«ከአንዱ ያጠፋሁት ከሌላውም እኩል ይጠፋል። ሁለት ያደረግኩት ዲስክ ቢበላሽ ብዬ ነው። ከኔ እጅ አያድንም።»

«አጥፊው ያልከኝ አንተ ነህ።» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ዲስኮቹን የጠፋ ፋይል ወደሚያስመልስ ባለሙያ ወሰዳቸው። ባለሙያው ሁለት ቀን አቆይቶ «በላዩ ላይ ሌላ ተጽፎበታል፤ ውሃ በልቶታል» አለው።

ይህንኑ ሊነግራት እህቱ ቤት ሄደ። እሷ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ጠበቀችው።

«በቃ፣ የሆነው ሆኗል። አንተም የምታስታውሰውን ንገረኝ፣ እኔም የማስታውሰውን ልበል፣ እንጻፈው።»

መዋሸት ይችል ነበር። አባቱን ያውቃቸዋል፤ ምን እንደሚሉ መገመት አያቅተውም።

«አላየሁትም» አለ።

«የቱን?»

«ጭራሽ አላየሁትም፣ እትዬ። አንዴም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠችው። «አርባ አንድ ደቂቃ አጣህ?»



«የጀመሩት በአንተ ነበር» አለች ደብተሩን እየገለጠች። «ሕፃን ሆነህ አውቶቡሱ ውስጥ ሞተር ክዳኑ ላይ አስቀምጠውህ፣ ሞተሩ ሲታመም በድምፁ ብቻ ለይተህ ‹አባባ አመመው› ትላቸው ነበር አሉ። ከዚያ ስለ አንተ ሌላም ነገር አሉ።»

«ምን አሉ?»

«ረሳሁት። ቪዲዮው አለ ብዬ መች በልቤ ያዝኩት።»

ያን ቀን ደብተሩ ላይ የተጻፈው አንድ ገጽ አልሞላም።

ጣቢያው ሦስተኛ ዲስክ ገዝቶ እህቱ ቤት አስቀምጧል፤ ከአንዱ የጠፋ ከዚያ እንዳይጠፋ። ያለበት ግን ፊልም ብቻ ነው። አሁን ከቤተሰቡ ጋር ሶፋው ላይ ይቀመጣል። ሚስቱም ትኬት ቆራጭ ማለቷን ትታለች። ፕሮግራሙ በየሳምንቱ «የሌሉ ፋይሎች ከዝርዝሩ ይጽዱ?» ብሎ ይጠይቀዋል። «አይ» የሚለውን ይጫናል። ግራጫው ሳጥን በባለቀለሞቹ መሀል እንዳለ ነው። ስም ወጥቶለታል፦ «አባባ፣ 41 ደቂቃ»።