እማማን ላሻግር ስል

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ቴዎድሮስ አደባባይን ባለፍኩ ቁጥር ዛሬም ልቤ ድው ድው ይላል።

ዶሮ ማነቂያ ተወልጄ ያደግኩ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሚኒባስ የነዳሁ ሰው ነኝ። ዓይኔ ከዳር እየጠበበ መጣና መንዳት አቆምኩ። በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ፊት ለፊቴን ትንሽ አያለሁ፤ ግራና ቀኜ የለም። ሐኪሙ «አይድንም፣ ልመደው» ብሎ ነጭ በትር እንድይዝ መከረኝ። በትሩን ገዛሁና አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩት። ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለሰፈር ልጆች «መኪናው ተሸጠ» አልኳቸው። የአራዳ ልጅ በትር ይዞ ሲደናበር ሙድ አይያዝበትም? ሞቼ እገኛለሁ!

የዚያን ቀን ዜብራው ጋ ቆሜያለሁ። ዘዴዬ የሞተር ድምፅ ማዳመጥ ነበር። አንዲት ከሥላሴ የሚመለሱ አሮጊት ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፤ እስቲ አሻግረኝ» አሉኝ።

እንግዲህ እምቢ በል! ትልቅ ሰው ለምኖህ፣ ያውም ድሮ አብረውኝ የሠሩ የታክሲ ረዳቶች ከኋላዬ ቆመው እያዩኝ። «እሺ እማማ፣ ይያዙኝ» አልኩ። ምናለ ያኔ አፌን በቆረጠው!

የሞተር ድምፅ የለም። መንገዱ ጭር ያለ መሰለኝና ወረድን። እማማ በሙሉ ክብደታቸው ተደግፈውኝ «መንገድህን ያቅናልህ» እያሉ ይመርቁኛል። እኔ ጆሮዬን አቁሜ አስፋልቱን በእግሬ እየዳሰስኩ እራመዳለሁ።

መሃል ስንደርስ ጃንጥላቸው ከእጃቸው ተፈናጥሮ ወደቀ። የመታው የኤሌክትሪክ መኪና ነበር፤ ድምፅ የለው! ጉልበቴን ታክኮ አልፎ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። እማማ «በስመ አብ!» ብለው ደረቴ ላይ ተጣበቁ። ወደፊት ልሂድ፣ ወደኋላ ልመለስ፣ አላውቅም። ከግራም ከቀኝም ክላክስ ነው። እኚህን ሴትዮ ገደልኳቸው አልኩ።

ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «ዕውር ነህ እንዴ አንተ?» ብሎ ጮኸብኝ።

እኔም መሪ ላይ ሆኜ ስንቱን እግረኛ እንዲሁ ብዬዋለሁ።

«አዎ!» አልኩት። «አላይም ወንድሜ! እሳቸውም አያዩም!»

ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። አለቀስኩም፤ ምን እደብቃለሁ።

ሰውዬው ከመኪናው ወርዶ ሁለታችንንም ደግፎ ዳር አወጣን። ረዳቶቹም ሁሉን ሰምተው ሮጠው መጡ። እማማ ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«አይ ልጄ፣ ምነው ብትነግረኝ? አብረን ሌላ ሰው እንለምን ነበር» አሉኝ።

ይሉኝታዬ የሰው እናት ሊያስገድል ነበር። እዚያው ቆሜ በትሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

ሙድ መያዙ አልቀረልኝም። ረዳቶቹ በትሬን «ማርሽ» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ «ዛሬ በስንተኛ ማርሽ ነህ?» ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ። መሪ የናፈቀኝ ቀን ግን ባለቤቴም ደፍራ አታናግረኝም፤ መንዳት ማቆሙን ገና አልለመድኩትም።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ዜብራ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ በትሬን አላዩትም መሰለኝ፣ «አሻግረኝ ልጄ» አሉኝ።

«አባባ፣ እኔም አላይም፤ ይምጡ፣ አብረን ሰው እንለምን» አልኳቸው። ለማለት እንዲህ ይቀለኛል ብዬ አስቤው አላውቅም።