ወጥቶ የመመለስ ፈቃድ

የሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በውሃ ምህንድስና ነው። የመመረቂያ ጥናቴ ስለ ቧንቧ ግፊት ስለነበር፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ይልቅ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብላ ባለችው ዳቬይተን ውስጥ የቆየሁበት ጊዜ ሳይበልጥ አይቀርም። ከቤት ቤት እየዞርኩ፣ ሰዎቹን እያስፈቀድኩ፣ ግቢያቸው ውስጥ ያለው ቧንቧ ላይ መለኪያ እየገጠምኩ እመዘግባለሁ። አንድ ቀን እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ መንገድ ዳር ቆሜ ሳወራ፣ ከአንድ ሱቅ የብረት ፍርግርግ ኋላ አንዲት ሴት በአማርኛ ጠራችኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

ስልኩን ዘግቼ ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንደምሠራ ነገርኳት።

«ታዲያ ፀሐይ ላይ ምን ያቆምሻል? ግቢ» አለችኝ።

ሱቁ የእሷና የባሏ ነበር። እዚህ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ ነው፤ ዳቦ፣ ወተት፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ ይሸጣሉ። ሁለቱም የሆሳዕና ሰዎች ናቸው። እርስ በርስ ሀዲይኛ፣ ከደንበኛ ጋር ዙሉ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ ያወራሉ። እሷ ስትቸኩል «አንቺ» እና «አንተ» ይምታታባታል፤ በሳቋ መሀል ብዙ ጊዜ ወንድ አድርጋኛለች። እሷን እህቴ፣ ባሏን ጋሼ ማለት ጀመርኩ። እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ እኔ ኦርቶዶክስ። ረቡዕና አርብ ከመጣሁ ለእኔ ብላ ሽሮ ትሠራለች፣ ሳትነግረኝ።

ስመረቅ የተማሪ ቪዛዬ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። እዚህ አገር ተምሮ የጨረሰ የውጭ ዜጋ፣ ሙያው አገሪቱ እጥረት አለብኝ ከምትላቸው ሙያዎች አንዱ ከሆነ፣ የሥራ ቪዛ መጠየቅ ይችላል። የእኔ ሙያ ከእነዚያ አንዱ ነበር። ሳንድተን ያለ አንድ ድርጅትም ቃለ መጠይቅ አድርጎ ወዶኛል፤ ኃላፊዋ «ቪዛሽ እንደወጣ ትጀምሪያለሽ» ብላኛለች። የቀረው ማመልከትና መጠበቅ ብቻ መሰለኝ። አመለከትኩ፣ የጣት አሻራ ሰጠሁ፣ ደረሰኝ ተቀበልኩ። ከዚያ በኋላ በስልክ ስጠይቅም በአካል ስሄድም መልሱ አንድ ሆነ፤ ጉዳይሽ በመታየት ላይ ነው።

የተመረቀ ተማሪ ዶርም ውስጥ አይቆይም። ሻንጣዬን ይዤ የት እንደምሄድ ሳሰላስል እህቴ ሰማች።

«ከሱቁ ኋላ ያለውን ክፍል ዕቃ ሞልተንበታል። ጋሼ ያወጣዋል» አለችኝ። ጋሼም በማግስቱ የዱቄትና የስኳሩን ጆንያ አውጥቶ አልጋ አስገባልኝ።

እዚያ ክፍል ውስጥ ክረምቱን በሙሉ ተቀመጥኩ። የጆሃንስበርግ ክረምት ዝናብ የለውም፤ ደረቅ ብርድ ነው፣ አጥንት ይገባል። ሥራ መሥራት አይፈቀድልኝም። ከአገር ብወጣ ማመልከቻዬ ይበላሻል ብለው አስፈራርተውኛል። እንግዲህ ቢያንስ ሱቁን ላግዝ ብዬ ተነሳሁ። እህቴ በጭራሽ አልፈቀደችም።

«ሳህን እጠቢ፣ ቤት ጥረጊ። ባንኮኒው ጋ ግን እንዳትደርሺ» አለች።

«አንድ ዳቦ ባቀብል ምን ይመጣል?»

«እኛ ምን እንደሚመጣ እናውቃለን።»

የሚያውቁትን ቆይቼ ነው የተረዳሁት። እነሱ ያላቸው የጥገኝነት ወረቀት ነው። በየጊዜው ይታደሳል፣ አንዳንዴ ሳይታደስ ወራት ያልፋል። በዚያ ወረቀት መሥራትና መነገድ ይቻላል፤ አገር ቤት ደርሶ መመለስ ግን አይቻልም። ሸሸሁት ወዳልከው አገር ከሄድክ ጥገኝነቱ ያበቃል። እህቴ ከመጣች ጀምሮ እናቷን አላየችም። ያለ ደህና ወረቀት መኖር ምን እንደሆነ ስለምታውቅ፣ የእኔን እንደ እንቁላል ነበር የምትጠብቀው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ፣ እህቴ ፀጉሯን ልትታጠብ ገባች። አንዲት አሮጊት ደንበኛ መጡና «ሳዎቦና፣ ሲሲ» ብለው ሰላምታ ሰጡ፤ ዳቦ ፈለጉ። ሰው የለም ልበላቸው? እንደ እናት የማያቸው ሴት ናቸው። ተነስቼ ከመደርደሪያው ዳቦ አነሳሁ። ልክ ያን ጊዜ መኪና ሲቆም ሰማሁ። የሱቅ ተቆጣጣሪዎች ከፖሊስ ጋር ከጎረቤት ሱቅ ጀምረው እየመጡ ነበር። እህቴ አረፋው ከፀጉሯ ሳይለቅ በፎጣ ሮጣ ወጣች።

«ውጣ! ውጣ ከዚህ!» አለችኝ፤ በድንጋጤ ወንድ አድርጋኝ። ዳቦውን ከእጄ ነጥቃ በደረቷ ወደ ኋላ ክፍል ገፋችኝ።

በሩን ዘግቼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። እያንዳንዱን ቃል እሰማለሁ። ወረቀት ጠየቋት፣ አሳየች። የንግድ ፈቃድ ጠየቋት፣ አሳየች። ቀኑ ያለፈበት ዕቃ ፈለጉ፣ አጡ። አሮጊቷ ጥግ ቆመው በዙሉ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ኋላ እህቴ ስትተረጉምልኝ «ይህች ልጅ ዳቦዬን ትስጠኝና ከዚያ እንደ ፈለጋችሁ ጠይቋት» ማለታቸው ነበር። ሰዎቹ ሳቁና ሄዱ። እህቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሳሙናው ከፀጉሯ እየወረደ አንገቷን አርሶታል። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ «ደነገጥሽ አይደል?» ብላ እጄን ያዘች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሳንድተኗ ኃላፊ ደወለች። ድምፅዋ ያዘነ ነበር። ፕሮጀክቱ መጀመር ስላለበት ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሰጡት ነገረችኝ፤ ጥፋቱ የእኔ አለመሆኑን ደጋግማ ተናገረች። አመስግኜ ዘጋሁ። ቪዛው የወጣው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ፓስፖርቴ ላይ ተለጥፎ ሳየው የደስታ ይሁን የብስጭት ያልለየለት ለቅሶ አለቀስኩ። ጋሼ ተቀብሎኝ በመነጽሩ አየው፣ ገለባበጠው፣ ከዚያ «ይሄ መውጣት መግባት ይፈቅዳል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ይፈቅዳል ጋሼ።»

«እንግዲያው ትልቅ ነገር ነው» አለ። ስለ ሥራው አንድም ነገር አልጠየቀኝም።

ሥራም ተገኘ፤ ቤኖኒ ያለ ትንሽ ቢሮ፣ ደመወዙ ከሳንድተኑ ያነሰ፣ ሰዎቹ ግን ደጎች። ቢሮው ጋ ክፍል ተከራየሁ። እሁድ እሁድ በታክሲ ወደ እነሱ መሄዴን ግን አልተውኩም።

ታኅሣሥ ላይ እዚህ ቢሮ ሁሉ ይዘጋል። አገር ቤት ለመሄድ ትኬት ቆረጥኩና ለእህቴ ነገርኳት። ዕቃ መደርደሯን አቋርጣ አየችኝ።

«ሆሳዕና ድረስ ትሄጅልኛለሽ?»

«እንዴት አልሄድም! ምን ላድርስልሽ?»

ለእናቷ የገዛችውን ወፍራም ብርድ ልብስ አወጣች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንድ ነገር እይልኝ» አለች። «ወንድሜ በየሳምንቱ በቪዲዮ ያሳየኛል። ሁልጊዜ ተቀምጣ ነው። ወንበር ላይ፣ አልጋ ላይ፣ ደጅ ላይ፣ ሁሌ ተቀምጣ። ቁሚ ስላት ወሬ ይቀይራሉ። ፎቶ አልፈልግም። አንቺ ራስሽ ሄደሽ መራመድ ትችል እንደሆነ እይልኝ።»

አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ገናን ዋልኩና በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ሆሳዕና ወረድኩ። ወንድምየው መናኸሪያ ተቀበለኝ። ጨዋ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ቤት ስንደርስ እናትየው ወንበር ላይ ነበሩ። ቀጭን ናቸው፤ ፈገግታቸው የእህቴ ነው። አማርኛ ብዙ አያውቁም። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙኝ፣ አገላብጠው አዩኝ፤ ከልጃቸው ጋር የኖረች ሰው ስለሆንኩ ይመስለኛል፣ ልብሴን ሳይቀር አሸተቱ። ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁላቸው።

ምሳ ተበልቶ ወንድምየው ሊያናፍሰኝ ደጅ ይዞኝ ወጣ።

«ለምን እንደላከችሽ ገብቶኛል» አለ። «እናታችን ባለፈው ዓመት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። አሳክመናታል። በምርኩዝ ትንቀሳቀሳለች እንጂ እንደ ድሮ አይደለም። ለእህቴ አትንገሪያት። ብታውቅ ምን ታደርጋለች? ልምጣ ብትል ወረቀቷ ይቃጠላል። እዚያ ሆና ከምትቃጠል ባታውቅ ይሻላል።»

የሚለው ሐሰት አልነበረም። ግን ዳቬይተን ላይ ያችን ጥያቄ ስትጠይቀኝ የነበረውን ፊቷንም አየሁ።

ስንገባ እናትየው ሁለታችንንም እያፈራረቁ አዩን፤ ከዚያ በሀዲይኛ ለልጃቸው አንድ ነገር ተናገሩ። አልተረጎመልኝም። ደገሙለት።

«ምን አሉ?» አልኩ።

አንገቱን ደፍቶ ተረጎመልኝ። «ልጄ የላከቻት እንድታየኝ ነው። ሳታየኝ ከሄደች ለምን መጣች? ትላለች።»

ምርኩዙን አቀብሎ ሊደግፋቸው ሲል እጁን ገፉት። ተነሱ። አንዱ እግራቸው ወደ ውጭ ዞሯል፤ ሲረግጡበት ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። ከወንበሩ እስከ በሩ ሄደው መቃኑን ያዙና ዞረው አዩኝ። ተንፍሰው እስኪጨርሱ ጠበቅን። ከዚያ አንድ ነገር ብለው ሳቁ።

«እንዳየሽው ንገሪያት፣ እግሬንም ሳቄንም አትደብቂ ትላለች» አለ ወንድምየው። የእሱም ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር።

ጆሃንስበርግ ስመለስ የኢሚግሬሽን ሠራተኛዋ ቪዛዬን እያገላበጠች ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። የውሃ መሐንዲስ ነኝ አልኳት።

«እኔ ሰፈር ውሃ ከጠፋ ሳምንት ሆነው» አለች ማህተሙን እየመታች። «ቶሎ ግቢና ሥሪልን።»

ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ዳቬይተን ሄድኩ። ጋሼ ባንኮኒው ጋ ቀረ፣ እኔና እህቴ ኋላ ክፍል ገባን። ሁሉንም ነገርኳት፤ መውደቃቸውን፣ እግራቸው መዞሩን፣ ከንፈራቸውን መንከሳቸውን፣ የልጃቸውን እጅ መግፋታቸውን፣ መሳቃቸውን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ስልኳን አንስታ ለወንድሟ በቪዲዮ ደወለች። ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። የሀዲይኛው ንግግር አይገባኝም፤ ድምፃቸው ግን የቁጣ አልነበረም፤ እሱም እንደ ተገላገለ ሰው ነበር የሚያወራው። ትንሽ ቆይቶ ስልኩን ሲያዞረው እናትየው በምርኩዝ ከጓዳ ወደ ሳሎን ሲመጡ አየን፤ ብርድ ልብሱን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገውታል። እህቴ ስክሪኑን እስከ ፊቷ አስጠግታ እያንዳንዱን እርምጃ ተከተለች።

አሁን እሁድ እሁድ ስደርስ፣ እናትየው በቪዲዮ ሲራመዱ ለማየት ጋሼም ሱቁን ለአፍታ ዘግቶ ይገባል። አንዳንድ ሳምንት ይሻላቸዋል፣ አንዳንድ ሳምንት ከአልጋ አይነሱም፤ ያንንም ያሳያሉ። የእህቴ ወረቀት እስካሁን ያው ነው፤ ባለፈው ወር እንደገና አሳድሳለች። የእኔ ቪዛ ጊዜው እስኪያልቅ በየዓመቱ ሆሳዕና እንድሄድላት ተስማምተናል። ዘንድሮ የምታስይዘኝ ጫማ ነው፤ ለዞረ እግር የሚሆን፣ ሶሉ የማያዳልጥ። ቤኖኒ ያሉ ሱቆችን እየዞርን ልኩን እየፈለግን ነው።